በምሰሶ ላይ የተደፋው ብርጭቆ ምን ይሠራል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአሮጌ የቴሌግራፍና የስልክ ምሰሶዎች አግዳሚ ላይ እንደ ስኒ ተደፍተው የሚታዩት ብርጭቆዎች ሥራቸው ምንድን ነው? እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ይባላል፤ ታዲያ ሽቦው በቀጥታ እንጨቱ ላይ ቢታሰር ምን ችግር አለው? ቅርጻቸውስ ለምን የደወል ሆነ? አንዳንዶቹ አረንጓዴ፣ አንዳንዶቹ ሐምራዊ መሆናቸው ትርጉም አለው? ዛሬስ ይሠራባቸዋል?»

የዕቃው ስም ኢንሱሌተር ነው፤ የመስመር ሠራተኞች ግን ከቅርጹ ተነሥተው ስኒ ይሉታል፤ እኔም ሁለቱን ስሞች እያፈራረቅሁ እጠቀማለሁ። ሥራው ሽቦውን ተሸክሞ መያዝ፣ እየያዘም በሽቦው የሚሄደው ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) በምሰሶው በኩል ወደ መሬት እንዳይወርድ ማገድ ነው። ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ የሚሠራ ነገር ሞልቷል፤ ብረት የፈለጉትን ያህል ይሸከማል፣ ከረንቱን ግን አሳልፎ ይሰጣል፤ አየር ከረንቱን ያግዳል፣ ሽቦ ግን አይሸከምም። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱን ባሕርያት አጣምሮ የያዘ፣ ፀሐይና ዝናብ ለአሥርት ዓመታት ቢፈራረቁበት የማይለወጥ፣ በብዙ ሺህ ተሠርቶም ዋጋው የማይከብድ ነገር ማግኘት ነበር። ብርጭቆ የተመረጠው ይህን ሁሉ ስላሟላ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የተለመደ ግምት ማረም ያስፈልጋል። በምሰሶዎች መካከል የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦም ሆነ ዛሬ የምናየው አብዛኛው የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር እርቃኑን ያለ ብረት፣ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ነው፤ ቤት ውስጥ እንደምናውቀው ገመድ የፕላስቲክ ልባስ የለውም። ሽቦውን ከመሬትና ከጎረቤቱ ሽቦ የሚለየው በዙሪያው ያለው አየር ነው፤ ደረቅ አየር በአንድ ሴንቲ ሜትር 30,000 ቮልት ገደማ እስኪደርስበት ድረስ ስለሚቋቋም፣ ምንም ሳይከፈልበት የተገኘ ጥሩ ኢንሱሌተር ነው። ሽቦው ይህን ጥበቃ የሚያጣው በየምሰሶው አናት፣ አንድ ነገር ላይ ተደግፎ በሚያርፍበት ነጥብ ብቻ ነው። ስኒው የሚቀመጠውም እዚያው ነጥብ ላይ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። ጠያቂው እንዳሉት በደንብ የደረቀ እንጨት የሚያሳልፈው ከረንት እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ምሰሶ የሚቆመው ሜዳ ላይ ነው፤ እንጨት ደግሞ ውኃ ይመጥጣል፣ ውኃውም በእንጨቱ ውስጥ ያሉትን ጨዎች ያሟሟል፤ በዚህ ጊዜ የእንጨቱ ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቋቋም አቅሙ) በብዙ ሺህ፣ አልፎ ተርፎም በሚሊዮን እጥፍ ይወርዳል። በደረቅ ወራት መልካም ኢንሱሌተር የነበረው ምሰሶ፣ ለብዙ ቀን ዝናብ ሲወርድበት ከረንት ወደ መሬት የሚያወርድ መንገድ ሆኖ ያርፋል። በአየሩ ጠባይ የሚለዋወጥ ኢንሱሌተር ደግሞ ለመስመር ባለሙያ ከሌለ አይሻልም፤ መስመሩ የሚፈተነው በመጥፎው ቀን ነውና።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። ቴሌግራፍ የሚሠራው በአንድ ሽቦ ነበር፤ ከረንቱ በሽቦው ሄዶ የሚመለሰው በመሬት በኩል ነው። ስለዚህ በየምሰሶው ወደ መሬት የሚሾልክ ከረንት ሁሉ መድረሻው ሳይደርስ ወደ ባትሪው የሚመለስበት አቋራጭ አግኝቷል ማለት ነው። በኪሎ ሜትር 25 ምሰሶ ያለበትን የ400 ኪሎ ሜትር መስመር እንውሰድ፤ ስኒዎቹ 10,000 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ስኒ ደረቅ ሆኖ 100 ሚሊዮን ኦም (ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) ቢኖረው፣ ለብቻው ሲታይ ምንም የማያሳልፍ ይመስላል፤ ነገር ግን 10,000 ቀጫጭን ቀዳዳዎች አንድ ላይ እንደሚያንጠባጥቡት ሁሉ፣ ስኒዎቹ ተደምረው የሚያቀርቡት ሬዚስታንስ 10,000 ኦም ብቻ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ በኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 10 ኦም ስላለው፣ ሽቦው ራሱ ከ3,200 እስከ 4,000 ኦም ይሆናል፤ በዚህ ሁኔታ መልእክቱ ተዳክሞም ቢሆን ይደርሳል። ስኒዎቹ ረጥበው እያንዳንዳቸው ወደ 1 ሚሊዮን ኦም ቢወርዱስ? ድምሩ 100 ኦም ይሆናል፤ ከረንቱም ሩቅ ያለውን መቀበያ ትቶ በየምሰሶው ይወርዳል። ሂሳቡን አቅልዬዋለሁ፤ ፍሳሹ በመስመሩ ርዝመት ሁሉ የተበተነ ስለሆነ ትክክለኛው ስሌት ረዘም ይላል፣ መልሱ ግን ወደዚያው ያመራል። ሽቦው ያለ ስኒ በረጠበ እንጨት ላይ ቢታሰር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው።

ችግሩ ገና ከመነሻው የታየ ነው። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ዋሽንግተንን ከባልቲሞር ያገናኘውን መስመር ሲጀምር፣ ሽቦውን በቧንቧ አድርጎ መሬት ውስጥ ለመቅበር ነበር ያሰበው። የሽቦው ልባስ ከረንት እያሾለከ ስላስቸገረ ቁፋሮው ተትቶ ሽቦው ምሰሶ ላይ ወጣ፤ ምሰሶው ላይ ሲወጣም ከእንጨቱ የሚለየው ብርጭቆ አስፈለገው። ቀጥሎ የመጡት ስኒዎች ውስጣቸው ልሙጥ ስለነበር ጨርቅ ወይም ሬንጅ ተደርጎባቸው ፒን በሚባል፣ አግዳሚው ላይ በቆመ የእንጨት ካስማ ላይ ይሰካሉ እንጂ አይታሰሩም ነበር። እንዲህ ያለ ስኒ ሜዳ ላይ ባለ ምሰሶ ጥቂት ይቆያል፤ ከሁለት ኮረብታ መካከል ሸለቆ ውስጥ በቆመ ምሰሶ ላይ ግን ሽቦው ሽቅብ ስለሚስበው፣ ነፋስም ስለሚነቀንቀው፣ ከፒኑ ወልቆ በሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በ1865 ሉዊ ኮቬ የተባለ ሰው በስኒው ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ በማውጣት በፒኑ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ንድፍ የፈጠራ መብት አገኘበት፤ ጠያቂው ያዩዋቸው ስኒዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚህ ንድፍ ልጆች ናቸው።

የቅርጹ ጉዳይ የጥያቄው እምብርት ነው ባይ ነኝ። ብዙ ሰው የብርጭቆው ሥራ ከረንቱ በሰውነቱ ውስጥ ሰንጥቆ እንዳያልፍ ማገድ ብቻ ይመስለዋል፤ ይህ እውነት ቢሆንም ቀላሉ ክፍል ነው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጤነኛ ብርጭቆ ለቴሌግራፍ ባትሪ ከበቂ በላይ ነውና። ጣጣው ያለው በገጹ ላይ ነው። ዝናብ፣ ጤዛ፣ ጉም፣ አቧራ፣ ጥላሸት፣ በባሕር ጠረፍ ደግሞ ጨው፣ በብርጭቆው ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ከረንቱም በዚያ ሽፋን ላይ እየተሳበ ከሽቦው ወደ ፒኑ፣ ከፒኑ ወደ አግዳሚው ይደርሳል። ስለዚህ ስኒ የሚነድፍ ሰው አሳቡ ሁሉ ይህ የገጽ ላይ መንገድ እንዴት ይርዘም፣ ቢያንስ ከፊሉስ በዝናብ ጊዜ እንዴት ደረቅ ሆኖ ይቆይ የሚል ነው።

አንድ አሮጌ ስኒ በእጅ ይዞ ማየት ነገሩን ቁልጭ ያደርገዋል። አናቱ ላይ ድፍን ጉልላት አለ፤ ከጉልላቱ በታች ወገቡን የሚዞር ስርጉድ መስመር ይታያል። ሽቦው የሚያርፈው በዚህ ስርጉድ ላይ በአንድ ጎን ነው፤ ራሱ ስኒውን አይጠመጥመውም፣ ሌላ አጭር ማሰሪያ ሽቦ ነው ስኒውን ዞሮ ዋናውን ሽቦ የሚጠፍረው። ከወገቡ በታች ብርጭቆው እንደ ቀሚስ ይሰፋል። አሁን ገልብጠው ውስጡን ይዩት፤ ከውጭው ቀሚስ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቀሚስ አለ፣ በሁለቱ መካከል ጠባብ ክብ ክፍተት፣ ከመሐል ደግሞ ፒኑ የሚገባበት ባለ ጥርስ ጉድጓድ። ጣትዎን ሽቦው ከሚታሰርበት ስርጉድ ያስነሡና በገጹ ላይ ሳያነሡ ወደ ፒኑ ጉድጓድ ለመድረስ ይሞክሩ፤ በውጭው ቀሚስ ይወርዳሉ፣ ጠርዙን ዞረው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እንደገና በውስጠኛው ቀሚስ ይወርዳሉ፣ እንደገና ይዞራሉ፣ ይወጣሉ። ቁመቱ ከአንድ መዳፍ በማይበልጥ ዕቃ ላይ የስኒውን ቁመት በእጥፍ የሚያስከነዳ መንገድ ተጉዘዋል። ከዚህ መንገድ ዝናብ የሚያርሰው የውጭውን ገጽ ብቻ ነው፤ የውስጡ ክፍል ከጣሪያ ክፈፍ ሥር እንዳለ ግድግዳ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ከረንቱንም የሚያግደው በተለይ ይህ ደረቅ ክፍል ነው። ስኒው ተደፍቶ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ ቀና ብሎ ቢቀመጥ ውኃ የሚያቁር ዕቃ በሆነ ነበር።

መጠለያው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ዝናብ የማያጥበውም ቦታ ነው፤ ሸረሪትና ሌሎች ነፍሳት ይሰፍሩበታል፣ አቧራም እየተጠራቀመ ይከርማል። ለዚህ ነው ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ቅርጽ ያልተገኘው፤ አሸዋማና ደረቅ በሆነ አካባቢ ነፋስ ጠርጎት የሚያልፍ ልሙጥና ገላጣ ቅርጽ ይመረጣል፣ ጉምና ጨው በሚበዛበት ደግሞ ከሥሩ ጥልቅ ጉበኖች ያሉት። በድሮ ጊዜ ከውስጥ በኩል ባለ ትንሽ ቦይ ላይ ዘይት ተሞልቶ የውኃው ሽፋን እንዲቋረጥ የተደረገባቸው ስኒዎችም ነበሩ፤ አሳቡ ድንቅ ነው፣ በየምሰሶው ላይ እየወጣ ዘይት የሚሞላውን ሰው ግን እግዜር ያበርታው። በ1893 ሄሚንግሬይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቀሚሱ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ጥርስ የተደረደሩ ጉብታዎች የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ዓላማው ውኃው ጠርዙን ይዞ ከመቅረት ይልቅ በጉብታዎቹ ጫፍ ተሰብስቦ ቶሎ እንዲንጠባጠብ ነበር። ምን ያህል ይጠቅማል ቢባል እኔ ብዙም አልጠብቅበትም፤ ቀሚሱ በራሱ የሚሠራው ሥራ እጅግ ይበልጣል።

ስለ ቀለሙ ጠያቂው ላነሡት ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ ቀለሙ ለኤሌክትሪኩ ትርጉም የለውም። ወደ ሰማያዊ የሚወስደው አረንጓዴ ቀለም የሚመጣው ብርጭቆው ከተሠራበት አሸዋ ውስጥ ካለው የብረት ማዕድን ነው፤ ፋብሪካዎቹ ለስኒ ብለው አሸዋውን ለማንጻት አልደከሙም። ብርጭቆውን ለማጥራት ማንጋኒዝ የተጨመረበት ስኒ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ከምሰሶ የወረደ ስኒ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም፤ ያለ ስጋት በእጅ ይያዛል። በምሰሶ ላይ ያለውን ለማውረድ መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የተተወ የሚመስል መስመር ከረንት ያለበት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፣ አሮጌ ምሰሶም ከሥሩ በስብሶ ሰው ሲወጣበት ይወድቃል።

ብርጭቆ ተፎካካሪ አልነበረውም ማለት አይደለም። በአውሮፓ በተለይም በብሪታንያ የቴሌግራፍ መሐንዲሶች ፖርስሊንን (እንደ ቡና ስኒ ያለ የተተኮሰ ነጭ ሸክላ) ያስበልጡ ነበር፤ ምክንያታቸው ተራ ብርጭቆ በውስጡ ባለው የሶዳ ንጥረ ነገር የተነሣ የአየር እርጥበት ወደ ገጹ ስለሚስብ ነው፤ ትችታቸውም ትክክል ነበር። በአሜሪካ ግን ብርጭቆን በሻጋታ እየጨመቁ በርካሽና በብዛት ማውጣት ስለተቻለ፣ ለቴሌግራፍና ለስልክ ቮልቴጅ ያ ጉድለት ቸል ተባለ። የፖርስሊን ደካማ ጎን ሌላ ነው፤ በደንብ ካልተተኮሰ ውስጡ ቀዳዳ ያበዛል፣ ስንጥቁም ከላይ ባለው ልባስ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ኃይል ማስተላለፍ ሲጀመር፣ ቮልቴጁም በአሥር ሺዎች ሲቆጠር፣ በዚያ ዘመን ብርጭቆ የውስጥ ውጥረት እያሰነጠቀው ስላስቸገረ ፖርስሊን ለብዙ ዓመታት ቀደመው።

ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር ስኒውም አብሮ እየገዘፈ ሄዶ፣ ከ60,000 ቮልት አካባቢ በኋላ በፒን ላይ የሚቆም ስኒ ክብደቱም ዋጋውም የማይቻል ሆነ። መፍትሔው በ1907 ከኤድዋርድ ሂውሌትና ከሃሮልድ ባክ መጣ፤ አንዱን ትልቅ ስኒ ትቶ፣ ትናንሽ ዲስኮችን እንደ ሰንሰለት አያይዞ ሽቦውን ከሥራቸው ማንጠልጠል። ቮልቴጅ ሲጨምር ዲስክ መጨመር ነው። ዛሬ የተለመደው ዲስክ ስፋቱ 254 ሚሊ ሜትር፣ በሰንሰለቱ ላይ የሚይዘው ቁመት 146 ሚሊ ሜትር፣ የገጹ መንገድ ደግሞ በግምት 300 ሚሊ ሜትር ነው። ለረጅም ጊዜ በተሠራበት ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት፣ አየሩ ንጹሕ በሆነ ቦታ ለእያንዳንዱ ኪሎ ቮልት (1,000 ቮልት) 16 ሚሊ ሜትር የገጽ መንገድ ሲበቃ፣ እጅግ በተበከለ ቦታ 31 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ከፍተኛ ቮልቴጁ 145 ኪሎ ቮልት ለሆነ መስመር ይህ በንጹሕ አየር 8፣ በጨዋማ ጠረፍ ወይም በሲሚንቶ ፋብሪካ አጠገብ 15 ዲስክ ማለት ነው። ቮልቴጁ ያው ነው፤ ሰንሰለቱን ወደ እጥፍ ያስረዘመው ገጹ ላይ የሚያርፈው ቆሻሻ ነው።

ይህ ቆሻሻ ሲሠራ በጆሮ ይሰማል። ጉም ባለበት ንጋት ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ሥር የቆመ ሰው ከላይ እንደ መጥበሻ የሚንጨረጨር ድምፅ ይሰማል፤ ገና ካልነጋ ደግሞ ከዲስኮቹ አጠገብ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብልጭልጭታ ያያል። ከድምፁ ከፊሉ በሽቦው ዙሪያ ካለው አየር ሲመጣ፣ የዲስኮቹ ክፍል ግን እንዲህ ነው፦ ደርቆ የነበረው አቧራና ጨው እርጥበት ሲያገኝ ከረንት ማሳለፍ ይጀምራል፣ ከረንቱ ሽፋኑን ያሞቀዋል፣ ሽፋኑም ከረንቱ በሚጣበብበት በፒኑ ዙሪያ ቀድሞ ይደርቃል። ያን ጊዜ ቮልቴጁ ሁሉ በዚያች ጠባብ ደረቅ ቀለበት ላይ ስለሚያርፍ ብልጭታ ቀለበቷን ዘሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚያው ይከስማል፤ ሽፋኑ ወፍራም ከሆነ ግን ትናንሾቹ ብልጭታዎች ተቀጣጥለው ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያይዙታል፣ ብሬከር የሚባለው አውቶማቲክ ማቋረጫም መስመሩን ይቆርጠዋል። መስመር የሚያስቸግረው ዶፍ ዝናብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዶፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያጥባል፣ የሚያስፈራው ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። በእንጨት ምሰሶ ላይ ደግሞ ይኸው የሚሾልክ ከረንት ብሎኑ እንጨቱን በሚነካበት ቦታ እያከሰለ አግዳሚውን እሳት የሚያስይዝበት ጊዜ አለ፤ ጠያቂው «እንጨት አያስተላልፍም» ያሉት ነገር በተግባር የሚደርስበት መጨረሻ ይህ ነው።

ዛሬስ ይሠራባቸዋል ወይ ለሚለው፦ በጉልላት መልክ በፒን ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ስኒ የስልክ ሽቦ በልባስ ወደተጠቀለለ ኬብል ከተለወጠ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆኗል። ብርጭቆ ግን ከመስመር አልወጣም፤ ተጠናክሮ ተመልሷል። አዲሱ የብርጭቆ ዲስክ በከፍተኛ ሙቀት ከጋለ በኋላ ገጹ በአየር ግፊት በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ገጹ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ ዘግይቶ ሲኮማተር፣ ገጹ ከየአቅጣጫው ተጨምቆ ይቀራል፣ በዚህም ጥንካሬው ከተራ ብርጭቆ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሲልከን ጎማ የለበሱ የፋይበርግላስ ኢንሱሌተሮች ቀላልና ውኃ የማይዙ በመሆናቸው ብዙ ቦታ ይዘዋል፣ በድንጋይ ቢመቱም አይሰበሩም፤ ነገር ግን ውስጣቸው ያለው ዘንግ ሲጎዳ ከውጭ አይታወቅም።

እኔ ብርጭቆን የምወድበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው። የተጠናከረ ብርጭቆ ግማሽ ስንጥቅ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ ጤነኛ ነው፣ ወይ ቀሚሱ በሙሉ ደቅቆ ይረግፋል። ሲረግፍም ከላይ በኩል ባለው የብረት ቆብና ከታች ባለው ፒን መካከል ያለው የብርጭቆ ጉቶ እንደተጨመቀ ስለሚቀር፣ ሰንሰለቱ አይበጠስም፣ ሽቦውም አይወድቅም። የጎደለውን አንድ ዲስክ ቀሪዎቹ ስለሚሸፍኑት መስመሩ ሥራውን ይቀጥላል። ተቆጣጣሪው ምሰሶ ላይ መውጣትም ሆነ መሣሪያ ማገናኘት ሳያስፈልገው ከመሬት ሆኖ በመነጽር ወደ ላይ ያያል፤ ከሚያብለጨልጩት ዲስኮች መካከል ቆቡ ብቻ የቀረውን ይለያል፣ የምሰሶውን ቁጥር ይመዘግባል፣ ለቀጣዩ የጥገና ቀንም ያስይዘዋል።